ኃጢአት የማይሆን ሐሜት

ልቦለድ ለምን እንደሚነበብ የሚያስረዱ ሰዎች በሬዲዮ ሲናገሩ እሰማለሁ። አእምሮ ያሰፋል፣ ቋንቋ ያዳብራል፣ ትውልድ ያንጻል ይላሉ። ይሁን፤ አልቃወምም። እኔ ግን ልቦለድ የማነበው ለሐሜት ነው። የማላውቃቸው ሰዎች ጓዳ ሳላንኳኳ እገባለሁ። ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን በማን እንደቀና፣ ባልየው ደመወዙን የት እንደሚያደርሰው፣ ሚስትየው ምን አስባ ዝም እንዳለች አይቼ፣ መጽሐፉን ከድኜ እወጣለሁ። “ማን ነገረሽ?” ብሎ የሚያፋጥጠኝ የለም። ምስክር ሆነሽ ቅረቢ የሚለኝም የለም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የምናዘዘው ነገር አይኖረኝም፤ የታማው ሰው መች ተፈጠረና!

ስለዚህ በልቦለድ ዓይነቶች ላይ ያለኝ አስተያየት የሥነ ጽሑፍ መምህራን እንደሚሰጡት ያለ አይደለም። የማነበው ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ወይም ሽሮ እስኪበስል ነው። ሽሮውን ስንቴ እንዳሳረርኩት ቤተሰቤ ያውቃል፤ እንዲያውም ባለቤቴ የመጽሐፉን ጥራት በድስቱ ቂጥ መለየት ጀምሯል። መለኪያዬ አንድ ብቻ ነው። ሰዎቹ ይታማሉ ወይስ አይታሙም?

ሰው ሁሉ ከፍቅር ልቦለድ ነውና የሚጀምረው፣ እኔም ከዚያው ልጀምር። ስለ ፍቅር ልቦለድ ያለኝን አቋም ተናግሬ ወዳጅ ተቀይሞኛል። ፍቅረኞቹ አይጥሙኝም። የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ምን ወሬ አላቸው? ይተያያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ እንደገና ያለቅሳሉ። ወሬው ያለው እነሱን ለመለየት ላይ ታች ከሚሉት ዘንድ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን እንይ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ጀምሮ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ያላነባ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እኔም ሰው ነኝና አልቅሻለሁ። ደጋግሜ የምገልጠው ገጽ ግን የነሱን አይደለም፤ ፊታውራሪ መሸሻ ያሉበትን ነው። ለልጃቸው የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር እየመዘኑ፣ ይኼ አይመጥንም፣ ያኛውም አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ ልጂቱ ዕድሜዋ ገፋ። ይኼ ዛሬም የሚታማ ቤት ነው። እኛ ሰፈር ቢሆኑ ኖሮ ቡና ላይ ሌላ ነገር አይነሣም ነበር። ጉዱ ካሳማ ለብቻው ነው። አገሩ ሁሉ “ጉዱ” ብሎ ያማዋል፤ እሱ ደግሞ የአገሩን ሥርዓት ከላይ እስከ ታች፣ ያውም ፊት ለፊት ያማል። የሚታማውም የሚያማውም አንድ ሰው ሲሆን ከዚህ ወዲያ ደራሲ ምን ያድርግልን!

ይህን መጽሐፍ ያላነበቡትም ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታልና። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊታውራሪ መሸሻን ግን ከገዛ አማቷ አብልጣ ታውቃቸዋለች። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን በድንገት ትዝ ብሏት፣ “እኒያ ሰውዬ እኮ ልጂቱን በከንቱ አስረጅተው አስቀሯት!” ብላ ጭኗን መታች። አዲስ የገባች ጎረቤታችን የሰፈር ሰው መስሏት፣ “ውይ! አሉ እንዴ አሁን?” ብላ ጠየቀች። አክስቴ “ኧረ የሉም፤ ቆይቷል” አለች። ጎረቤታችንም “ነፍስ ይማር” ብላ ስኒዋን አስቀመጠች። ማንም አላረማትም። ምኑ ይታረማል?

አክስቴ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋና ወተት ብቻ ሳይሆን ሐሜትም ትጾማለች። ሐሜቱ ከሥጋው ይልቅ እንደሚከብዳት ሳትደብቅ ትናገራለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ፊቷ ይገረጣና፣ “እስቲ ያን የምታነቢውን አውሪልኝ” ትለኛለች። ባለፈው ጊዜ የበዓሉ ግርማን ከአድማስ ባሻገር ነበር ያወራሁላት። አበራ ወርቁ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ አለ፤ ሥራው ሰልችቶት ሠዓሊ ልሁን ይላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ አግባ፣ ቤትህን ያዝ እያለ ይጎተጉተዋል አልኳት።

“ደመወዙስ?” አለች።

“ደመወዙ አያረካውም።”

“አይበቃውም ነው ወይስ አያረካውም?”

“አያረካውም፤ ነፍሱን ነው።”

አክስቴ ጥቂት አሰበችና የቤተሰቡን ወገን ያዘች። እስከ ሆሳዕና ድረስ አበራን ስትመክረው ከረመች። ሐሜት ነው እንዳልላት ጾም ነው፤ ደግሞም በዓሉ መጽሐፉን ያወጣው በ1962 ዓ.ም. ነውና አበራ ምክሯን ቢሰማም ጊዜው አልፎበታል።

የሲሳይ ንጉሡን ሰመመን የገዛሁት ከአዟሪ ነው፤ ብዙ እጅ ያለፈበት፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ ቅጂ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፍቅር ታሪክ ስለሆነ ከኔ በፊት ያነበቡትም ተማሪዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። በሰማያዊ ቀለም “ወይኔ ልጄን!” ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በቀይ፣ “ምን ያስለቅስሻል? ራሱ ያመጣው ጣጣ ነው።” ሰማያዊዋ መልሳ፣ “አንተ ፍቅር አታውቅም።” ቀዩም “ከኔ በላይ!” ይልና ሦስት ጊዜ አስምሮበታል። ከሁሉም ግርጌ አንድ በእርሳስ የሚጽፍ ሰው፣ “ለሁለታችሁም፦ ፈተና ደርሷል፣ አጥኑ” ብሏል። እንዴት እንደሚመላለሱ አልገባኝም፤ መጽሐፉ በአንድ ዶርም ሲዞር የከረመ ይመስለኛል። ከአጋማሹ በኋላ ግን ሰማያዊዋ ዝም አለች። ቀዩ ብቻውን ጥቂት ገጽ ሄደና፣ አንድ ቦታ ላይ “የት ሄድሽ?” ብሎ ጽፎ እሱም ተወው። ደራሲው የጻፈውን ታሪክ ፍጻሜ አንብቤ ጨርሻለሁ። የነዚህን ፍጻሜ የሚነግረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የአማርኛ ልቦለድ ገና ሲፈጠር ጀምሮ ለሐሜት የተመቸ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ ጦቢያ ተብሎ የታወቀው መጽሐፍ ምን ይዟል? ወንድ መስላ የምትሄድ ቆንጆ ልጅ አለች፤ አንዲት ሴት ወንድ መስላት ትወድዳታለች። በመጀመሪያው ልቦለዳችን! ሰብለ ወንጌልም ከአባቷ ቤት የወጣችው መነኩሴ መስላ ነው። የለበሱትን ልብስ ለውጦ መሄድ ለኛ ልቦለድ የቆየ መላ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ማንም ሰው ነጠላውን እስከ ዓይኑ ቢከናነብ በአረማመዱ ይታወቃል።

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ወሬ ይዞ መጥቶ እስከ መጨረሻው ገጽ አልናገርም የሚል ደራሲ፣ “አንድ ነገር ሰምቼ ነበር... ተዪው በቃ” ብላ ቡናዋን እንደምትጠጣ ጎረቤት ነው። የአጋታ ክሪስቲው ፖይሮ መጨረሻ ላይ ተጠርጣሪዎቹን በሙሉ አንድ ሳሎን ሰብስቦ፣ ጢሙን አስተካክሎ፣ ገዳዩ እዚሁ መካከላችን ነው ይላል። እኛ ዘንድ ቢሞክረው ደስ ባለኝ። በመጀመሪያ፣ በሦስት ሰዓት የተጠሩት በአምስት ይመጣሉ። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ደግሞ ቡና ሳይፈላ ነገር አይጀመርም። ፖይሮ ጉሮሮውን ጠርጎ “ገዳዩ...” ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ “ልጄ፣ ቆይ። የሞተው ላይመለስ ሌላ ደም አናፍስስ፤ ይኼ ነገር በሽምግልና ይለቅ” ይሉታል። ግማሹ ጉባኤ “እውነታቸውን ነው” ይላል። ፖይሮ ኮፍያውን አንሥቶ በመጣበት ባቡር ይመለሳል።

የሼርሎክ ሆምስን አከራይ ደግሞ አስቡ። ሚስስ ሃድሰን ቤከር ጎዳና ላይ ቤታቸውን አከራይተው፣ ሌሊት ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ያ ሽታ ምንድን ነው፣ ቫዮሊኑ ለምን በእኩለ ሌሊት ይመታል አይሉም። እንግዳ ሲመጣ አስገብተው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ አከራይ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል! እኔ በተከራየሁበት ዘመን የነበሩት አከራዬ፣ የውሃ ቆጣሪውን አይተው ብቻ እንግዳ እንዳደረብኝ፣ እንግዳዋ ሴት እንደሆነችና ፀጉሯን እንደታጠበች ይነግሩኝ ነበር። እሳቸው ባሉበት ሆምስ ሥራ ፈት ነው። ዋትሰንም የሚጽፈው አያገኝም።

እንደኔ አስተያየት የወንጀል ልቦለድ በኛ ሰፈር የሚቸገረው በዚህ ነው። ገዳዩን ሁሉም ያውቀዋል። የሚጎድለው ፖሊስ ፊት ቆሞ “አዎ፣ አይቻለሁ” የሚል ነው። ስለዚህ ሀበሻ መርማሪ አእምሮ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ትዕግሥትና ብዙ ቡና የመጠጣት ችሎታ ይበቃዋል።

አንድ ጊዜ የገዛሁት የተተረጎመ የወንጀል ልቦለድ የመጨረሻ ቅጠሎቹ ተገንጥለው ኖሯል። ወይ ስኳር ተጠቅልሎባቸዋል ወይ እሳት ተያይዞባቸዋል። ሀብታሙ አዛውንት በመርዝ ሞተዋል፣ ተጠርጣሪዎቹ ቀርበዋል፣ መርማሪው ሊናገር አፉን ከፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታየው የጀርባ ሽፋኑ ነው። ምን ይደረጋል? ነገሩን ለቡና ጉባኤ አቀረብኩት። አክስቴ የእህታቸውን ባል ጠረጠረች፤ “ርስት አለ ብለሽ የለም? አለቀ!” አለች። ጎረቤታችን ወጥ ቤቷን አለች፤ ምክንያቷን ስትጠየቅ እሷም ድሮ አንዲት ሠራተኛ ያደረገቻትን ረዥም ታሪክ አወጋች። ባለቤቴ ጋዜጣውን ሳይለቅ “ጠበቃው ነው” አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ተከራከርን። ኋላ ሙሉ ቅጂ ተገኘና ሳነበው ገዳዩ ሐኪሙ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ያውም ምዕራፍ አንድ ላይ ኮቱን ለመስቀል ብቻ ብቅ ያለ ሰው። ፍርዱን ለጉባኤው አነበብኩ። አክስቴ አልተቀበለችም። “ሰውየው ተሳስቷል” አለች። ሐኪሙን መስሎኝ ነበር፤ ደራሲውን ኖሯል።

የስለላ ልቦለድ ወንድሜን ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጠዋል። የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ሦስት ቀን ዓይኑ ቀልቶ ነው የከረመው። ሳይንቲስት፣ የጣና ገዳማት፣ የውጭ ሰላይ፣ ምስጢር በምስጢር ላይ! በአማርኛ ወጣቱን እንዲህ የሚያራውጥ ነገር በመጻፉ ደራሲውን አመሰግናለሁ። እኔን ግን ሰላይ አይስበኝም። ሰላይ ዘመድ የለውም። ለቅሶ አይደርስም፣ ዕቁብ አይጥልም፣ እናቱ ደውላ “ምነው ጠፋህ?” አትለውም። ወሬው ሁሉ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ወሬ ደግሞ ዜና ላይ ሞልቷል።

የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ግን ሌላ ነው። ስለላውም አለ፣ ጦርነቱም አለ፤ ነገር ግን ጸጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ አስቀምጦ አሥመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር ሲገናኝ አንባቢው ዘመቻውን ይረሳዋል። እኔ እንኳ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ያለኝ ዕውቀት ፊያሜታ ወዳለችበት ገጽ ስሮጥ በመንገድ የለቀምኩት ነው። የዘመኑ አንባቢ ግን ሌላ ነገር አይቶበታል። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ ዘመቻውን በቅርብ ያየ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ከኩራዝ አሳታሚ ሲወጣ ሰዉ ገጹን እየገለጠ፣ “ይኼ እኮ እገሌ ነው፣ ያኛው ደግሞ እገሌ” እያለ ባለሥልጣናቱን በየስማቸው ለየ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሐሜቱ ኃጢአት አይሆንም ያልኩት ለአንባቢው ነው። የጻፈው ሰው ሂሳቡን ብቻውን ከፈለ፤ እኛ ይኸው እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ተጋድመን እናነበዋለን።

ያው በዓሉ ቀደም ሲል ደራሲው በሚባለው መጽሐፉ ሲራክ የሚባል ገጸ ባሕርይ ሲፈጥር፣ አገር ሁሉ “ስብሃት ገብረ እግዚአብሔር ነው” ብሎ ደምድሟል። ደራሲ ደራሲን ሲያማ እንደማንበብ ያለ ነገር የለም። የቀረነው ባለሙያ ስላልሆንን እርስ በርሳችን የምንታማማው በጥሬው ነው።

የታሪክ ልቦለድ ችግሩ መጨረሻው መታወቁ ነው። ስለ አፄ ቴዎድሮስ የተጻፈውን የፈለጋችሁትን አንሡ፣ የአቤ ጉበኛን አንድ ለእናቱ፣ የብርሃኑ ዘሪሁንን የቴዎድሮስ እንባ፤ ደራሲው ምንም ቢለፋ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጧ መተኮሷ አይቀርም። እንዲያም ሆኖ በየመጽሐፉ “ምናልባት በዚህኛው ይድኑ ይሆን?” እያልኩ ነው የማነበው። ሌላው ችግር ባለቤት መብዛቱ ነው። የታሪክ ልቦለድ በሰው ፊት ስታነቡ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው አንገቱን አስግጎ፣ “ማንን ነው የምታነቢው? እሳቸው እኮ የእናቴ ቅድመ አያት አጎት ናቸው” ይላችኋል። ከዚያ በኋላ ሰውየውን በነፃነት ማማት አይቻልም። የብርሃኑን የታንጉት ምስጢር የወደድኩት ለዚህ ነው፤ ከርእሱ ጀምሮ ነገር አለኝ ይላል፣ የታንጉት ዘመድ ነኝ የሚል ሰውም እስካሁን ታክሲ ውስጥ አልገጠመኝም።

አቤ ጉበኛ በአልወለድም ማንም ያላደረገውን አድርጓል። ጽንሱ ከእናቱ ማሕፀን ሆኖ አልወጣም ብሎ ይሞግታል። ገና ሳይወለድ ዓለምን ያማ ገጸ ባሕርይ ሌላ የትም አላየሁም።

አሁን ወደ ከባዶቹ ልምጣ። አደፍርስ። “አንብቤዋለሁ” የሚለውን ሰው ሁሉ ገጽ ጠቅሰህ ንገረኝ እያልኩ ማስቸገር ልማዴ ሆኗል። የዳኛቸው ወርቁ አማርኛ እንደ ዳገት ነው፤ ትንፋሽ ይወስዳል። ልጁ አደፍርስ ደግሞ ከያዘ አይለቅም፤ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ይሟገታል። ቢሆንም ከልቤ ልናገር፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የባላገሩ ሰው ንግግር ሲመጣ ጆሮዬ ይቆማል። ሰዎቹ ሲያወሩ ዳገቱ ሜዳ ይሆናል። አደፍርስ ራሱ ሊናገር ሲነሣ ሽሮዬን ለማማሰል ጊዜ አገኛለሁ።

አዳም ረታን ግን ብዙ ሰው ያለ ስሙ ስም ሰጥቶታል። ከባድ ነው፣ ይወሳሰባል፣ የግርጌ ማስታወሻው ከገጹ ይበልጣል ይሉታል። እሱም የአጻጻፍ ስልቱን ሕፅናዊነት ብሎ ሰይሞ፣ ከእንጀራ ዓይን ጋር አያይዞ ሲያስረዳ ምሁራኑ ጉባኤ ይቀመጡበታል። እኔ ግራጫ ቃጭሎችን ስጀምር ፈርቼ ነበር። መዝገቡ ዱባለ ስለ ሰፈሩና ስለ ቤቱ ማውራት ሲጀምር ግን ይህን አነጋገር የት ነው የማውቀው አልኩ። አክስቴ እኮ ናት! እሷ ወሬ ከመጀመሪያው ጀምራ አታውቅም። “ያቺ የወይዘሮዋ ልጅ አግብታለች አሉ፤ ወይዘሮዋ እንኳ ያን ጊዜ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሳሉ፣ ወፍጮ ቤቱም መጀመሪያ የማን እንደነበር ታውቂያለሽ?” ብላ ትነሣለች። ከወፍጮ ቤቱ ወደ ባለቤቱ፣ ከባለቤቱ ወደ ወንድሙ በሽታ፣ ከበሽታው ወደ ጸበሉ ትሄዳለች፤ ሙሽራዋን ያየ የለም። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁሉም በአንድ ክር ተያይዞ ይመጣና ሙሽራዋ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት የልጅ ልጅ እንዳገባች ይታወቃል። ምሁራኑ አዳምን ለመረዳት የውጭ መጽሐፍ ከሚያገላብጡ አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ዘንድ ቡና ቢጠጡ ይሻላቸዋል። አስቸጋሪ ነው የተባለው ደራሲ ከሁሉም ይልቅ ለሐሜት የቀረበ ነው፤ አንባቢው ነው ሐሜት በወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚጠብቀው።

ስለ ትርጉም ልቦለድ አጭር ነኝ። ከሲድኒ ሼልደን መጻሕፍት በአማርኛ የተተረጎሙትን ያላነበበ የኔ ትውልድ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ሀብታም፣ ሁሉም ተበዳይ፤ ነገር ግን ምግብ የሚሠራ ሰው የለበትም። ቁርስ አልጋ ላይ ይመጣል፤ ማን እንዳመጣው አይነገርም። እኔ ደግሞ ያቺን ያመጣችውን ነው የምፈልጋት፤ ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት።

ነገም ሌላ ቀን ነው ግን ከዚህ ወገን አይመደብም። የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው። ስካርሌት ኦሃራ የሰው እጮኛ ስትመኝ፣ ለብሽቀት ስታገባ፣ ሬት በትለርን ስታንከራትት፤ የአሜሪካ ደቡብ ሐሜት ሁሉ በዚያች ብራማ ወረቀት ጀርባ በደቂቅ ፊደል ሰፈረ። ያን ሁሉ የምታህል መጽሐፍ! ሳነበው ስካርሌትን ከማማት ይልቅ አንዳንዴ ቆም እያልኩ፣ ይህችኛዋ ዐረፍተ ነገር በየትኛዋ ፓኮ ላይ ነበረች ይሆን እላለሁ። ማታ ማታ ዕጣ ፈንታው ያልታወቀ እስረኛ፣ “ስካርሌት ዛሬ ምን አደረገች?” ብሎ የሚጠይቅበትን ክፍል ሳስበው፣ ልቦለድ ለሐሜት ነው ማለቴን የሚንቁ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

ባለቤቴ ልቦለድ አያነብም። “ውሸት ለማንበብ ጊዜ የለኝም” ባይ ነው። እሱ የሚወደው የቀድሞ ባለሥልጣናት የሚጽፉትን ትዝታ ነው፤ ሁሉም ያስጠነቀቁበትን፣ ማንም ያልሰማቸውን፣ እሳቸው በሌሉበት ውሳኔው የተላለፈበትን። በቅርቡ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት መጽሐፍ ሻጮች አንዱ ዘንድ አብረን ቆምን።

“እህቴ፣ ምን ዓይነት ልፈልግልሽ?” አለኝ ሻጩ።

“ሰው የሚታማበት።”

ልጁ አልሳቀም። ልቦለዶቹን በእጁ አልፎ አልፎ ከታች አንድ ወፍራም መጽሐፍ መዘዘ፤ ሽፋኑ ላይ አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ወደ ሩቅ ያያሉ። “እዚህ ውስጥ ከጸሐፊው በስተቀር ያልታማ የለም” አለ።

ባለቤቴ ተቆጣ። “ይኼ እኮ ታሪክ ነው!”

“እኔ መች አይደለም አልኩ ጋሼ” አለ ልጁ፤ “ዋጋው ግን ከልቦለዱ እጥፍ ነው።”

ተከራክረን ገዛነው። ባለቤቴ ምዕራፍ ሁለት ላይ ምልክት አድርጎ ሲያንኮራፋ እኔ ወስጄ ምዕራፍ ዘጠኝ ደርሻለሁ። ሰውየው አሁን አንዱን ሚኒስትር ከነባለቤቱና ከነአማቱ ይዞታል፤ ሽሮውን ማን ያማስል?